የግራዝማች ቃታ

ግራዝማች ቢያድግልኝ ሲሞቱ ሁለት ወንዶች ልጆች፣ አንዲት ሚስትና አንድ ውጅግራ ጠብመንጃ ትተው ነበር። መሬትም፣ ከብትም፣ የንብ ቀፎም ነበራቸው፤ እነዚያ ግን ለመካፈል አላስቸገሩም። ያስቸገረው ጠብመንጃው ነበር።

የአገሩ ሽማግሎች ሰባት ሆነው ከቤቱ በላይ ካለው ዋንዛ ሥር ተቀመጡ። ሦስት ቀን ፈጀባቸው። ከወንዙ ወዲህ ያለውን መሬት ለታላቁ ለደምለው፣ ከወንዙ ወዲያ ያለውን ለታናሹ ለታከለ ሰጡ። በሬዎቹን አንድ አንድ፣ ቀፎዎቹን ሦስት ሦስት አደረጉ። ሞፈሩን ለአንዱ፣ ቀንበሩን ለሌላው ሰጡና በዚህም ማንም አልሳቀም። እናታቸውን ወይዘሮ ይመናሹንም አልረሷቸውም፤ አሥራ አምስት ቀን ታላቁ ዘንድ፣ አሥራ አምስት ቀን ታናሹ ዘንድ ይቀመጡ ተባለ። ትልቁን ቤት ለአንዱ ሰጥቶ ሌላውን ማስቀየም ስለከበዳቸው፣ በሩ ተዘግቶ በሁለት ጠፍር እንዲታሰር አደረጉ። አንዱን ቋጠሮ ደምለው ቋጠረው፣ ሌላውን ታከለ። አንዱ ያለ ሌላው እንዳይገባ ነው። ሳይካፈሉት የቀረ ውሻው ብቻ ነበር፤ እሱም የማን እንደሆነ ግራ ገብቶት እስኪሞት ድረስ ወንዙ ዳር ተኝቶ ኖረ።

በሦስተኛው ቀን፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ጠብመንጃው ቀረበ። ደምለው «የበኩር ልጁ እኔ ነኝ» አለ። ታከለ «ያስታመምኩት እኔ ነኝ» አለ። ሽማግሎቹ ደክሟቸው ነበር፤ ጠላውም አልቋል። ከመካከላቸው አንዱ፣ በፍርድ አዋቂነቱ የተመሰገነ ሰው፣ ጉሮሮውን ጠራርጎ መላ አመጣ። አካሉ ከነሰደፉ ለታላቁ፣ ቃታው ለታናሹ ይሁን አለ። ቃታ የሚሉት ከኋላ ገብቶ ጥይቱን የሚያጎርሰውን፣ ውስጡ ባለችው መርፌም የሚመታውን ብረት ነው። እሱ ሲወጣ ጠብመንጃው ከዱላ አይሻልም፤ እሱም ለብቻው ቢሆን የበር መቀርቀሪያ እንኳ አይሆንም። ሽማግሎቹ ግን ተያዩና «እኩል ሆነ!» አሉ፤ መርቀውም ተነሡ። የተበደለ አልነበረም። የተጠቀመም አልነበረም።

ችግሩ፣ ቃታው ሲፈለግ ከጠብመንጃው ላይ አልተገኘም። ወይዘሮ ይመናሹ መቀነት ውስጥ ነበር።

ግራዝማች በሕይወት ሳሉ አንድ ልማድ ነበራቸው። የትም ውለው ሲመጡ ነፍስ ያለው ጠብመንጃ ይዘው ቤት አይገቡም። በሩ ላይ ቆመው በአንድ እጃቸው መተኮሻውን ምላጭ ጫን፣ በሌላው ቃታውን ሳብ ያደርጉታል። «ቀጭ» ይላል። ያን ጊዜ ይመናሹ ከበሩ አጠገብ ካለው መደብ ላይ ሆነው መዳፋቸውን ይዘረጋሉ፤ ግራዝማች ቃታውን ያስቀምጡበታል፤ እሳቸውም መቀነታቸው ውስጥ ቋጥረውት ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ባዶው ጠብመንጃ ምሰሶው ላይ ይሰቀላል። እንግዳም ቢሆን ከዚህ ሕግ አያመልጥም ነበር። በዓመት በዓል ቀን የይመናሹ መቀነት በሰባትና በስምንት ቃታ ከብዶ፣ ወገባቸውን በእጃቸው ደግፈው ሲያስተናግዱ ይታዩ ነበር። በዚያ ቤት ጠጥቶ የተሰዳደበ ሞልቷል፤ ጠጥቶ የተገዳደለ ግን የለም። ልጆቹ በዚያ ሰዓት ከብት ስለሚመልሱ ነገሩን ልብ አላሉትም፤ የአባታቸውን ጠብመንጃ የሚያውቁት በተኩሱ ነው።

እናም ሽማግሎቹ «ቃታውን ያምጡ» ሲሏቸው ይመናሹ አንዴ ታላቁን፣ አንዴ ታናሹን አዩ። ከዚያ መቀነታቸውን ፈትተው ሰጡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን መቀነታቸው ወገባቸው ላይ አልረጋ አለ፤ ሲራመዱ ደጋግመው ያጠብቁታል።

አሥራ ሰባት ዓመት እንዲህ አለፈ።

ደምለው ጠብመንጃውን በየእሑዱ ወልውሎ ቅባት ይቀባዋል። ለቅሶ ሲሄድ አፉን ወደ መሬት ዘቅዝቆ ይይዘዋል፤ ሠርግ ሲሄድ ትከሻው ላይ ያነግተዋል፤ የማይጮህ መሆኑን አገሩ ሁሉ ስለሚያውቅ በትህትና ዝም ይለዋል። ታከለም ቃታውን በጨርቅ ጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ አኑሮታል። ሁለቱም «የአባቴ ጠብመንጃ እኔ ዘንድ ነው» ይላሉ። የደምለው የመጀመሪያ ልጅ ስትዳር፣ ለአንድ ቀን ቃታውን እንዲያውሰው ወደ ወንድሙ መልእክተኛ ላከ። ታከለ «ጠብመንጃውን ይዞ ይምጣና እዚህ ይተኮስ» አለ። ደምለው «ታላቅ ወደ ታናሽ አይሄድም» አለ። ሙሽራዪቱ ያለ ተኩስ ወጣች፤ እናቷ ጥርሷን ነክሳ እልል አለች። በሌላው ዓመት የታከለ ልጅ ክርስትና ሲነሣ እንደዚሁ ሆነ። ድሮ በዚያ ሸለቆ ልጅ ሲወለድ አንድ ጥይት ሲጮህ ከወዲህም ከወዲያም ሰው ከሥራው ቀና ብሎ «እሰይ!» ይል ነበር። ያ ጊዜ ደግ ጊዜ ነበር፤ አሁን ሰው የጎረቤቱን ልጅ የሚያየው በእግሩ መሄድ ከጀመረ በኋላ ነው።

ታከለ ቃታውን ያከብረው ነበር፤ ሚስቱ ግን ክብሩን አላወቀችለትም። አንድ የፋሲካ ዋዜማ ዘነዘናው ጠፍቶባት ነጭ ሽንኩርት ወቀጠችበት። መርፌዋ ያን ዕለት ተሰበረች። ታከለ ሦስት ቀን ሚስቱን አላናገረም። ለሰው ግን ትንፍሽ አላለም፤ የተሰበረ ነገር ይዞ መኮራት እንደሚከብድ ያውቃል።

በአሥራ ሰባተኛው ዓመት የወይዘሮ ይመናሹ ዓይን ደከመ። ወንዙን በየአሥራ አምስት ቀኑ ሲሻገሩ ድንጋዮቹን በምርኩዛቸው እየቆጠሩ ነው። አንድ ቀን ደምለው ቤት ሳሉ «ያቺን ድምፅ አንድ ጊዜ ብሰማት፣ ከዚያ ወዲያ ቢወስደኝም አይቆጨኝ» አሉ። ወደ ታከለ ቤት ሲዛወሩም ይህንኑ ደገሙት። ሁለቱም ወንድማማቾች ሰሙ፤ ሁለቱም ደነገጡ። እናታቸው ሊሞቱ ነው፤ የመጨረሻ ምኞታቸውም የአባታቸው ጠብመንጃ ነው። ሁለቱም በየቤታቸው አንድ ነገር አሰቡ፦ እኔ ላሰማት፣ እሱ አይቅደመኝ።

ደምለው ጠብመንጃውን አንግቶ ወደ ጥጋቡ ሄደ።

ጥጋቡ ቀጥቃጭ ነው፤ መንደሩ ሲያልቅ ጎጆው ይጀምራል። ሰባ ዓመት አልፎታል፤ ይሁንና እጁ ብረት ስለሚነካ ብቻ አገሩ «አንቱ» ሊለው አልወደደም። ቀን ማረሻውን ያሠራበታል፤ ሲመሽ ልጆቹን ከፊቱ ይደብቃል። እሱም ይህን ሁሉ እያወቀ ለሰው ሁሉ እጅ ይነሣል፤ ፈገግታው ግን የት እንደሚያበቃ አይታወቅም።

ደምለው በሩ ላይ ቆሞ «ለዚህ ቃታ ትሠራለታለህ?» አለው።

ጥጋቡ ጠብመንጃውን ተቀብሎ እንደ ሕፃን ጭኑ ላይ አስተኛው። «ልኩ የታለ፣ የጌታዬ ልጅ?»

«ልኩ ማዶ ነው።»

«ማዶ ሩቅ ነው እንዴ?»

ማዶ የተባለው ቤት ጭሱ ከጥጋቡ በር ላይ ይታያል።

«እናቴ ድምፁን ልስማ ብላለች» አለ ደምለው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«የትኛውን ድምፅ አሉ?»

«የተኩሱን ነዋ! ጠብመንጃ ሌላ ምን ድምፅ አለው?»

ጥጋቡ ቀና ብሎ አየው። «እሱስ ልክ ነህ» አለ፤ «እንዲህ ሆኖ ሌላ ድምፅ የለውም።»

ከዚያ ንጹሕ ሰም አቀለጠና ቃታው በነበረበት ባዶ ቦታ አፈሰሰው። እንዲረጋ ትንሽ ጠበቁ። ሰሙ ሲወጣ ቢጫ ቃታ ሆኖ ወጣ፤ አንገቱ፣ ትከሻው፣ ሁሉም ነገር አለው። ጥጋቡ በመዳፉ ይዞ አሳየው። «ይኸውልህ፤ የጎደለህ ነገር ልኩ ይህን ያህል ነው።»

ደምለው ደስታውን መደበቅ አልቻለም። ጠብመንጃውን እዚያው ትቶ ሰሙን ብቻ ለእናቱ ሊያሳይ ለአንድ ቀን ተዋሰ። ጥጋቡም «ፀሐይ አታሳየው» ብሎ ሰጠው። ወይዘሮ ይመናሹ፣ ተራቸው ተመልሶ ደምለው ቤት ነበሩና፣ ሰሙን በጣቶቻቸው ዳሰሱት፤ ወደ አፍንጫቸውም አስጠጉት።

«ማር ማር ይላል» አሉ። «አባታችሁ የሚሰጠኝ ብረት ብረት ነበር የሚለው።» ሰሙን መለሱለትና መቀነታቸውን አጠበቁ።

ደምለው ሰሙን ሲመልስ በገበያ መካከል ነው ያለፈው፤ ወሬው ከእሱ ቀድሞ ወንዙን ተሻገረ። በማግስቱ ታከለ ጥጋቡ በር ላይ ነበር። ከጋቢው ሥር ጨርቅ አወጣ፣ ከጨርቁ ውስጥ ቃታውን አወጣ።

«መርፌዋ ተሰብራለች፤ አዲስ አድርግልኝ» አለ። «እንዴት እንደተሰበረች አትጠይቀኝ።»

ጥጋቡ ቃታውን ወደ አፍንጫው አስጠጋ። «አልጠይቅም» አለ። ነጭ ሽንኩርቱ ከዓመታት በኋላም ሳይሸተው አልቀረም። «ግን የጌታዬ ልጅ፣ ጠብመንጃ ሳይኖርህ መርፌ ምን ያደርግልሃል?»

«ወንድሜ ሲመጣ ዝግጁ ሆና ትጠብቀው ብዬ ነው። ተሰብራ ባያት ምን ይለኛል?»

«ባይመጣስ?»

ታከለ ወደ ወንዙ ዞረ። ወፍራም አንገቱ ቀላ። «አሥራ ሰባት ዓመት ጠብቄዋለሁ እኮ» አለ። «ሰደበኝ ብዬ እንዳልሄድ አልሰደበኝም። መታኝ እንዳልል አልመታኝም። ከየት ጀምሬ እንደምታረቀው ጠፍቶብኝ ነው እንጂ።» ይህን ተናግሮ ወዲያው ተጸጸተና «እስከ ቅዳሜ አድርሳት» ብሎ በቁጣ ሄደ።

ጥጋቡ ወናፉን አቁሞ ለብቻው ተቀመጠ። በግራው የጠብመንጃው አካል፣ በቀኙ ቃታው ነበር። አሥራ ሰባት ዓመት አገር ሁሉ የፈለገው ሙሉ ጠብመንጃ፣ አገር በማይገባበት ጎጆ ውስጥ ተገናኝቷል። ቃታውን አንሥቶ ወደ ቦታው መራው። ሰተት ብሎ ገባ። ጥጋቡ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ጭሱ ነው ብሎ በክንዱ ጠረገው።

አንድ ነገር ትዝ ብሎት ነበር። ወጣት ሳለ ግራዝማች የምሰሶውን ብረት እንዲያስተካክል ጠሩት። የሌላው ሰው ቤት ሲሆን ሥራውን ከአጥር ውጭ ይጨርሳል፤ የዚያን ቀን ግን ግራዝማች «ግባ» አሉት። በሩ ላይ ሲደርስ ይመናሹ መዳፋቸውን ዘረጉ። ምን እንደፈለጉ አልገባውም ነበር። «መዶሻህን» አሉት። እንደ ባለ ጠብመንጃ ሰው፣ እንደ እንግዳ፣ የያዘውን ተቀብለውት አስገቡት። መዶሻውን ከሌሎቹ ቃታዎች ጋር መቀነታቸው ውስጥ ሻጡት። በዕድሜው እንደዚያ የተከበረበት ቀን የለም።

ከአሮጌ ሞረድ ስባሪ አዲስ መርፌ አወጣ። መርፌ ደግሞ እንዲሁ በግምት አትሠራም። ከረዘመች ጥይቱን ትበሳለች፣ ካጠረች አትደርስበትም፤ ስለዚህ ከጠብመንጃው ጋር እየገባች እየወጣች ነው የምትሞረደው። ጥጋቡም እስከ ዓርብ ድረስ ቃታውን አንድ መቶ ጊዜ ያህል አስገባ፣ አንድ መቶ ጊዜ ያህል አወጣ። አዲስ ቃታ አልሠራም። ሰሙን አቅልጦ ወደ ማሰሮው መለሰው።

ዓርብ ከሰዓት ወደ ታከለ ቤት ወጣ፤ ይመናሹ በዚያ ሳምንት ተራቸው ደርሶ ወደዚያ ተዛውረው ነበር። ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ተጣራ። ይመናሹ ምርኩዛቸውን ይዘው ወጡ።

«እመቤቴ፣ የግራዝማች ጠብመንጃ ደርሷል። የት ላምጣው?»

ይመናሹ ምርኩዛቸውን ወደ ተዘጋው ትልቁ ቤት አነሡ። «ወትሮ ከምቀበልበት» አሉ።

ቅዳሜ እናታቸው ያስጠሯቸው ሁለቱ ወንድማማቾች በሁለት መንገድ መጥተው ከአባታቸው በር ፊት ተገናኙ። ደምለው በእጁ ሦስት ጥይት ይዟል፤ አባቱ የተዉዋቸው ናቸው። ሰላምታ አልተሰጣጡም። ጥጋቡ ጠብመንጃውን በጆንያ ጠቅልሎ ዳር ቆሟል። ይመናሹ በምርኩዛቸው በሩን ነኩት። «ክፈቱታ» አሉ።

የታሰሩት ጠፍሮች ደርቀው እንደ አጥንት ሆነዋል። ደምለው የራሱን ቋጠሮ ታገለው፤ ጥፍሩ ተሰበረ። ታከለም የራሱን ታገለ፤ አልሆነለትም። ደምለው ቢላዋ መዘዘ።

«አትቁረጠው» አሉ እናቱ። «ውሃ አምጡ።»

ታከለ ከወንዙ ውሃ ቀድቶ መጣና ሁለቱን ቋጠሮዎች አራሱ። ጠፍር እስኪርስ ጊዜ ይወስዳል፤ ሌላ ቦታ ስለሌለ ሁለቱም ከበሩ ሥር ድንጋዩ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። በልጅነታቸው የሚቀመጡበት ድንጋይ ነበር። አሁን ለሁለት አይበቃም፤ ትከሻቸው ተነካካ። ማንም ግን አልተነሣም። ሲለሰልስ እያንዳንዱ የቋጠረውን ፈታ፤ በሩም ሲጢጥ እያለ ተከፈተ።

ይመናሹ በግድግዳው እየተመሩ ገብተው ከበሩ አጠገብ ካለችው መደብ ላይ ተቀመጡ። አቧራውን እንኳ አላራገፉም።

ደምለው ጆንያውን ገለጠ። ቃታውን ሲያይ አወቀው። «አዲስ አልሠራህም!» አለ ወደ ጥጋቡ ዞሮ። ጥጋቡ እጅ ነሣ። «የተሰበረው መርፌዋ ብቻ ነበረች፣ የጌታዬ ልጅ።» ታከለ መሬት መሬት አየ። ደምለው ሊቆጣ ፈለገ፤ ነገር ግን በወዲህም በወዲያም ኮረብታ ወሬውን የሰማ ሰው ወጥቶ ጆሮውን በጣቱ ይዞ ይጠብቃል። ግቢው መካከል ቆመና የመጀመሪያውን ጥይት አጎረሰ። ወደ ሰማይ አነጣጥሮ ምላጩን ሳበ። ጠብመንጃው ትንሽ ድምፅ ብቻ አሰማ። ሁለተኛውን አጎረሰ፤ ያው ነው። ሦስተኛውም ያው ሆነ።

«ቃታህ ነው!» አለ ደምለው። ከአሥራ ሰባት ዓመት በኋላ ለወንድሙ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር። «አበላሽተኸዋል!»

«የእኔ ቃታ ምን ሆነ? አንተ ነህ በቅባት ያፈንከው!»

«እናቴን አሳፈርካት!»

«እናትህ ብቻ ናት?»

ጥጋቡ ጎንበስ ብሎ ሦስቱን ጥይቶች ለቀመ፤ ቂጣቸውን ወደ ፀሐይ አዙሮ አሳያቸው። በሦስቱም መካከል አንድ አንድ ትንሽ ጉድጓድ አለች። «መርፌዋ መትታለች፤ ጠብመንጃውም ደኅና ነው» አለ። «የሞተው ባሩዱ ነው። አርጅቷል።»

ደምለው ሊያለቅስ ደርሶ ነበር። እናቱ የጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ እሱንም ሊያሟላ አልቻለም። ኮረብታው ላይ ያለው ሰው ጣቱን ከጆሮው አውጥቶ ወደ ቤቱ መበተን ጀመረ።

ያን ጊዜ ይመናሹ ከውስጥ «ምን ትጠብቃላችሁ?» አሉ። «ኑ እንጂ።»

ወደ በሩ ቀረቡ። እናታቸው በድንግዝግዙ ውስጥ መዳፋቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ደምለው ግራ ገባው። «እማዬ፣ አልተኮሰም እኮ» አለ።

«ማን ተኩሱልኝ አላችሁ?»

መዳፋቸው እንደተዘረጋ ነው። ነገሩ መጀመሪያ የገባው ለታከለ ነበር፤ ቃታው ያኔ ከእናቱ መቀነት እንደወጣ ትዝ አለው። ደምለው ጠብመንጃውን ይዟል፤ ቃታ አውጥቶ ግን አያውቅም። ታከለ ቃታ ይዞ ኖሯል፤ ምላጭ ግን ነክቶ አያውቅም። ታከለ «አንተ ምላጩን ጫን አድርገህ ያዝልኝ፣ ጋሼ» አለ። ደምለው ጫን አደረገ። ታከለ ሳበ።

«ቀጭ» አለ።

ይመናሹ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ታከለ ቃታውን መዳፋቸው ላይ አስቀመጠ፤ እሳቸውም በጣቶቻቸው ከበቡት፣ አሸተቱት፣ ነጭ ሽንኩርቱ ትንሽ ፈገግ አሰኛቸው። መቀነታቸው ውስጥ ሻጡትና ጠበቅ አድርገው አሠሩ። ረጋላቸው። ደምለው ባዶውን ጠብመንጃ ወስዶ ምሰሶው ላይ ሰቀለ፤ ሰቅሎ ሲጨርስ እጁ ከምሰሶው ላይ መነሣት አቃተው፣ ፊቱንም ወደ ግድግዳው አዞረ።

ጥጋቡ ከደጃፉ ወደ ኋላ ማለት ጀምሮ ነበር።

«ጥጋቡ» አሉ ይመናሹ፤ መዳፋቸውን እንደገና ዘረጉ። «መዶሻህስ?»

ሽማግሌው መዶሻውን ከወገቡ አውጥቶ ሰጣቸው፤ ጎንበስ ብሎም ገባ። ወንድማማቾቹ መደቡ ላይ ቦታ ለቀቁለት።

ይመናሹ ሁሉም እስኪቀመጥ ጠበቁ። ከዚያ፣ ድሮ ልጆቹ ከብት መልሰው ሲገቡ በየማታው ይሉት እንደነበረው፣ ድምፃቸውን ከፍም ዝቅም ሳያደርጉ ተናገሩ።

«አባታችሁ ገባ። በሩን ዝጉት።»